በመሀረብ የተጠቀለለ ካንዴላ

በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ጓሮው መጠለያ ይወጣል። ከሞተር ሳይክሉ ራስ ላይ የእንጨት ውታፉን ይነቅልና ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው ይሰዳል። ሽቦውን መልሶ ያወጣና ዘይቱ እስከ የት እንደነካው በአውራ ጣቱ ጥፍር ይለካል። ከትናንቱ ዝቅ ካለ፣ ዘይቱ በተጣበቀው ፒስተን ዙሪያ መስረጊያ አገኘ ማለት ነው። ካላለ ሽቦውን በጨርቅ ይጠርግና ይሰቅለዋል። ከዚያ የናፍታና የሞተር ዘይት ቅልቅል በማንኪያ ይጨምራል፤ ውታፉን ይመልሳል፤ የማስነሻውን ፔዳል ዘርግቶ በሙሉ ክብደቱ ይቆምበታል። እስከ ሃያ ይቆጥራል። ፔዳሉ አይወርድም። እሱ ይወርድና ለቁርስ ይገባል።

ይህን ማድረግ ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው።

ሰፈሩ «ቀስ-በል» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕ ሲጠግን በኖረበት የውሃ ጣቢያ ነው። የዛገ ብሎን ላይ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ሲያይ ክንዱን ይይዝና «ቀስ በል» ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የሰጡት የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ አስበንበት ነው የመረጥንልህ ብለው ሳቁበት። እሱም ሳቀ። ሰዓቱን አላስተካከለውም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናዋ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ቀኝ ጆሮዋ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ሴት ልጃቸው ከምትኖርበት ከተማ መጥታ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ስትወስዳት፣ ሐኪሙ የተናገረው ለልጅቷ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ልጅቷ ነገሩን የምታለሰልስበት ቃል ስትፈልግ እናትየው ቀደመቻት።

«አትድከሚ። ከንፈሩን አይቼዋለሁ። ዓመቱን አይደፍንም አለሽ።»

በዚያው ቀን ራት ላይ፣ በመርፌ ክር እያስገባች፣ «አንድ ድምፅ ምረጪ ቢሉኝ የሞተሩን ነበር የምመርጠው» አለች።

«የቱን ሞተር?» አለ ባሏ፣ እያወቀ።

«ስንት ሞተር አለን? አንዴ ብሰማው ይበቃኛል። ከዚያ ይሂድ።»

ሞተር ሳይክሉ ወንድ ልጃቸው ሲገዛውም አሮጌ ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ታንኩ ላይ ከነበረው ስም የቀሩት ሁለት ፊደላት ናቸው። ልጁ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ለምሳ ሲመጣ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ጋዙን ይለቃል፤ ሞተሩም ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ እያለ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ሽማግሌ ቁልቁለቱን ይወርዳል። እናቱ ያን ስትሰማ ስፌቷን ታቆማለች። እሱ በሩን ሲከፍት ምሳው ቀርቦ ይጠብቀዋል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአንድ ዝናባማ ሐሙስ፣ ልጁ ሞተሩን እቤት ትቶ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። መኪናው ከድልድዩ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ ተረፈ፤ ልጁ አልተረፈም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ያን ጠዋት እናቱ፣ «ዛሬ ዝናብ ነው፤ ያን ነገር ተወው» ብላው ነበር። ልጁ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና ፈገግ ብሎ፣ «እሺ እማዬ፤ አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት። ስለ ሞተሩ እሺ ሲላት ያ የመጀመሪያው ነበር። ለልቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ የነገረችው ይህንኑ ነው። «ሁልጊዜ እንቢ የሚለኝ ልጅ ያን ቀን እሺ አለኝ። መኪናው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።» ባሏ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ሊናገር ይገባው የነበረው ይህ ነው። ረቡዕ ማታ የኋላውን ፍሬን ፈትሾ፣ ሸራው አልቆ ብረት ብረቱን ሲበላው አገኘ። «ቅዳሜ እቀይርልሃለሁ፤ እስከዚያ አትንዳው» አለው። ልጁ፣ «ፍሬን ለፈሪ ነው» ብሎ ሳቀ። ልጁ ሲተኛ አባት ወደ መጠለያው ወጥቶ ካንዴላውን ፈታው፤ ቤንዚኑን የምትለኩሰውን፣ ሞተሩ ራስ ላይ የምትጠልቀውን ያችን ቁራጭ። ሚስቱ ከተረፈ ባለመስመር የሸሚዝ ጨርቅ ከሰፋችለት ስድስት መሀረቦች በአንዱ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተታት። አቧራ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈ፤ የሽቦውን የላስቲክ ቆብም መልሶ ደፋበት። ከውጭ ለሚያይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ሌላ አባት ቢሆን ቁልፍ ይደብቅ ነበር፤ እሱ ግን መካኒክ ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ወደ ጣቢያው ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ መጠለያው ሲገባ የላስቲኩ ቆብ ተነስቶ፣ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁ ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው። አባቱን ለእናቱ አሳልፎ ላለመስጠት፣ የእሷን ምክር የሰማ መስሎ ወጣ። አባት ቆቡን መልሶ ደፋው። ካንዴላዋን ግን አልመለሳትም። በመጀመሪያው ሳምንት እነግራታለሁ አለ። ከዚያ ከአርባው በኋላ አለ። ከዚያ እንዲያው እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው።

እሷም በበኩሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ማጠብ ያዘች። ባልዲና ሳሙና ይዛ ትወጣለች፤ ከታንኩ እስከ ጎማው ታሽና ውሃውን ከላይ ታፈስበታለች፤ ታደርቀዋለች። አንድ ቅዳሜ አላለፋትም። ጎረቤት፣ «የማይነዳ ሞተር ምን ያደርግልሻል?» ሲላት፣ «የማይለበስ ልብስስ አይታጠብም?» ትል ነበር።

ዘንድሮ፣ ሥራውን የጀመረ ቀን፣ ባሏ ቆቡን አንስቶ ያን የድሮ ጨርቅ በጉጠት ጎትቶ አወጣው። ጨርቁ ቡናማ ሆኗል፤ ሲጨምቀው ጠብ አለ። በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ ሲያበራ ፒስተኑና የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት አንድ ሆነዋል። ሽቅብ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው አያፈስም። ጨርቁን ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ የልብስ ሳሙና ሸተተው። ሁለት ጊዜ አሸተተውና ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

ቅዳሜ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ከእንግዲህ አትጠቢው» አላት በግራ ጆሮዋ። «ዘይት ነክሬዋለሁ።»

«አቧራ ይልበስ?»

«ይልበስ።»

ባልዲዋን መጠለያው ግድግዳ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችና ወደ ቤት ገባች።

ከቆርቆሮው አጥር ማዶ በያጅ ይኖራል፤ ከእሱ ጋር እኩያ ነው፤ ዓይኖቹ ከብየዳው ብዛት ሁልጊዜ እንዳለቀሱ ናቸው። በየማለዳው ታማሚውን ይጠይቃል።

«እንዴት አደረ?»

«ግማሽ ጥፍር ወርዷል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ። እንቁላሉ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበልቶ አለቀ። ያንተ ፒስተን እዚያው ነው።»

«አንተ ብትይዘው እስካሁን ለሁለት ሰብረኸዋል።»

«ብሰብረውስ? የተሰበረ ይበየዳል። የተጣበቀን ምን ታደርገዋለህ? በግራሶ ለምን አትገፋውም? ራስህ አይደለህም ጣቢያው ውስጥ የፓምፕ ፒስተን በግራሶ እየገፋህ ታወጣ የነበርከው?»

እውነቱን ነው። ዘዴውን ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። ቀዳዳው ላይ የግራሶ መቀበያ ታጠብቅና በእጅ ፓምፕ ግራሶ ትሞላለህ፤ ግራሶው መውጫ ሲያጣ፣ መዶሻ የማይደፍረውን ፒስተን ያለ ጩኸት ይገፋዋል። የቸገረው መቀበያው ነው። የዚያ ዘመን ሞተር ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት ካንዴላዎች ይጠልቁበትና ይወድቃሉ። ጥርሱ የሚገጥም አሮጌ ካንዴላ ተገኝቶ፣ ሸክላው ተሰብሮ፣ በቦታው መቀበያው ሊበየድ ይገባል።

«አሮጌ ካንዴላ ስጠኝ፤ ሻይ ሳይፈላ እሠራልሃለሁ» አለ በያጁ።

«የለኝም።»

«የመጀመሪያዋስ የት ገባች?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ቶርኖ ቤት አስቀርጽ። ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው። እስከዚያ ማንኪያህን ያዝ።»

ሦስት ወር ሙሉ በማንኪያ የቆየው ቀስ በል ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ካንዴላዋ ብትወጣ፣ ከየት ወጣች መባሉ አይቀርም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሚስቱ ክፍል ሲገባ መኪናዋ ይሽከረከራል፤ እሷም አጎንብሳ የሱሪ እግር ትሰፋለች። ቀረብ ሲል መርፌው ባዶውን መሆኑን አየ። ክሩ ተበጥሷል። ከጉልበቱ እስከ ታች ድረስ ጨርቁ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ትከሻዋን ነካት። እግሯን አቆመች፤ ጨርቁን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። በተወጉት ቀዳዳዎች ብርሃኑ ነጠብጣብ ሆኖ አለፈ።

«ሲበጠስ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ጢቅ ይላል።»

አዲስ ክር አስገባችና ከላይ ጀመረች።

እሱ ወደ መኝታ ክፍል ሄዶ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳበ። ከታች፣ በጋዜጣ የተሸፈነውን አሮጌ ኮት አወጣና እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ።

በያጁ መሀረቡን ፈታው። ካንዴላዋ ግራሶ ተቀብታ፣ ትናንት የተነቀለች ትመስላለች።

«ይቺ የጠፋች ካንዴላ አይደለችም» አለ። «ይቺ የተቀመጠች ናት።»

«ሸክላውን እኔ እሰብረዋለሁ» አለ ቀስ-በል።

በበያጁ ሞርሳ የብረት መንጋጋ አሰራት። በሕይወቱ መዶሻ ሲያነሳ እጁን የያዘው ሰው አልነበረም፤ አሁንም የያዘው የለም። ነጩ ሸክላ በሁለተኛው ምት ተሰበረ። ስብርባሪውን ጠርጎ በመዳፉ ሰበሰበውና የት እንደሚጥለው ስላላወቀ ደረት ኪሱ ከተተው። በያጁ መቀበያውን በየደበት፤ ስለ ካንዴላዋም ዳግመኛ አልጠየቀም።

እቤት ተመልሶ፣ ግራሶው እንዳያመልጥ የቫልቮቹን መግፊያ አላላ፤ መቀበያውን አጠበቀ፤ የግራሶ ፓምፑን ገጠመ። መሀረቡን የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ዘርግቶ መፍቻዎቹን ደረደረበት። እጁ የለመደውን አደረገ እንጂ አላሰበበትም። አሥር ጊዜ ጫነ። ሃያ። ከዚያ በኋላ ፓምፑ በእጁ ውስጥ ጠነከረ። ጠበቀ፤ ደግሞ ጫነ፤ ደግሞ ጠበቀ። ወደ አርባ ሲጠጋ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያወጣው ዓይነት። ፓምፑ ላላ። ፒስተኑ የጣት ውፍረት ያህል ተንቀሳቅሶ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ የመጣችው ሻይ ይዛ ነው። ብርጭቆውን የምታስቀምጥበት ቦታ ስትፈልግ መፍቻዎቹን ገለል አደረገች፤ ከሥራቸውም ጨርቁን ሳበችው። መስመሩን አየች። ጠርዙን አገላብጣ የራሷን ስፌት አየች።

«ይሄ የት ነበር?»

«ኮቴ ኪስ።»

«ምን?»

ተነስቶ ወደ ግራ ጆሮዋ ተጠጋ። «ኮቴ ኪስ ውስጥ።»

«ጠፋብኝ ብለኸኝ ነበር። የልጁ ልቅሶ ሰሞን።»

«ብዬሻለሁ።»

«ምን ይዞ ነው ግራሶ የነካው?»

በጣቱ ወደ መቀበያው አመለከተና ነገራት። አልሰማችም፤ «ምን?» አለች። ትንሽ ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁንም «ምን አልክ?» አለች፣ ዓይኗ ከንፈሩ ላይ ተተክሎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሹክሹክታ እንኳ ያልወጣው ነገር እንዲሰማ ግድ መጮህ ነበረበት።

«ካንዴላውን የነቀልኩት እኔ ነኝ! ለፍሬኑ ብዬ። ሞተሩ አይነሳም ነበር። አንቺን ሰምቶ አይደለም የተወው።»

ከአጥሩ ማዶ የበያጁ ግራይንደር ቆመ። ጥቂት ቆይቶ፣ የሚቆርጠው ብረት ሳይኖር፣ እንደገና መጮህ ጀመረ።

እሷ ባልዲውን ከሚስማሩ አወረደች፤ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«እያወቀ ነው እሺ ያለኝ?»

«ቆቡ ተነስቶ ነበር። አይቶታል።»

«አልነገረኝም።»

«አልነገረሽም።»

«አንተም።»

መሀረቡን ጉልበቷ ላይ አራት ቦታ አጠፈችው፤ እንደ ልማዷ ጠርዙን በጥፍሯ ተኮሰችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቺን ምላሴን...» አለችና ተወችው። ከዚያ ሞተሩን እያየች፣ በሥራ ድምፅዋ፣ ለደንበኛ ስለ ጨርቅ እንደምትጠይቅ፣

«እንዲህ አጥብቆ የያዘው ምንድን ነው?» አለች።

«ዝገት።»

«ከየት የመጣ?»

«ካንዴላውን ነቅዬ በጨርቅ ወተፍኩት። ጨርቅ እርጥበት ይስባል። የኔ ጥፋት ነው።»

ይህን ሲል ባልዲውን አላየም። እሷ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ከላይ የፈሰሰበትን ውሃ የት እንደሚያደርስ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ተነሳች። ባልዲውን አንስታ ይዛው ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ሚስማሩ ባዶ ነው። የት እንዳደረገችው አልጠየቃትም፤ አልነገረችውምም።

በማግስቱ የሞተሩን ራስ አንስቶ ሲሊንደሩን አወጣ። ግድግዳው እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበልቷል። ቶርኖ ቤት ወሰደው፤ ውስጡ ተቦርሶ ተለቅ ያለ ፒስተን እንዲገባለት፣ የካንዴላው ቀዳዳም በነሐስ ቀለበት ጠቦ የዘመኑን ካንዴላ እንዲይዝ። ባለ ቶርኖው የሥራ ደብተሩን ገልጦ ጣቱን ቁልቁል ሰደደ። ወረፋው ያው ሦስት ሳምንት ነበር።

«አይፈጥንም?» አለ ቀስ-በል።

ባለ ቶርኖው ቀና ብሎ አየው። ሰፈሩን ያውቃል። «አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

እነዚያ ሦስት ሳምንታት እቤት ውስጥ ጸጥ ያሉ ነበሩ። ምግብ ታቀርባለች፤ ሸሚዙን ትተኩሳለች፤ ቁልፍ ቢበጠስ ትተክላለች። አትናገረውም። በመጀመሪያ ተቆጥታ ነው አለ። ኋላ ግን አንዳንዴ ዓይኗን ሲያገኘው ቁጣ አላየበትም፤ የሆነ ነገር መልሳ መላልሳ የምትቆጥር ሰው ዓይን ነበር። ምናልባት ቅዳሜዎቹን። ልጃቸው ስልክ ደውላ፣ «አባዬ፣ እማዬ ምን ሆናለች?» ስትለው፣ «ደህና ናት፤ እያሰበች ነው» አላት። ልጅቷ፣ «ስለ ምን?» አለች። «ስለ ወንድምሽ» አለና ስልኩን ዘጋ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ረገጠች። አቆመች። እንደገና ረገጠች፣ ጎማው እየዞረ መሆኑን በዓይኗ እያየች። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ባሏ ዞረች።

ግራ ጆሮዋን በጣቷ ነክታ፣ «ጨረሰ» አለች።

ሲሊንደሩ ቅዳሜ ደረሰ። ቀስ-በል መቼ እንደሚገጥመው ማንም አልጠየቀውም፤ ቢሆንም በዚያው ቀን ገጠመው። አዲስ ካንዴላ አጠበቀ፤ ዘይት ሞላ፤ ቤንዚን በቧንቧ ጠብ አደረገ፤ ፔዳሉን ዘርግቶ ቆመበት። ፔዳሉ ወረደ። በስድስተኛው ርግጫ ሞተሩ አስነጠሰ፤ በዘጠነኛው ተነሳ። ጋዙን ለቀቀለት። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ አለ። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ቤቱ መስኮት አየና ጎንበስ ብሎ ጠፋ።

በመስኮቱ የሚስቱ ጀርባ ይታያል። ትሰፋለች። አልዞረችም።

ቤንዚኑ እስኪያልቅ ተወው። የአሮጌ ዘይት ጭስ መጠለያውን ሞላ፤ ከዚያም በበሩ አልፎ ወደ ቤት ገባ። የስፌት መኪናዋ ቆመ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። የሚንቀጠቀጠውን ታንክ አየች፤ እሱን አየች።

«ተነሳ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዶ ቆመ።

ወደ ኋላው ጎማ ዞራ ቁልቁል ተመለከተች። በሦስት ሳምንት ከአንድ ሁለት ቃል በላይ ያላወጣችው ድምፅ ስለነበር፣ ለራሷም ስለማይሰማት፣ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

«ፍሬኑስ? ይይዛል?»

አይይዝም አለ በጭንቅላቱ።

«እንግዲያው ሥራው» ብላ ገባች።

እሁድ ጠዋት የኋላውን ጎማ ፈታና የፍሬኑን ሸራ መቀየር ጀመረ።